የካፋ ዘውድና የሐራጁ መዶሻ

የካፋ ነገሥታት ዘውድ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል በስዊዘርላንድ ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አጫራች ፊት አልቀረበም፤ ዋጋ አልተጠራበትም፤ መዶሻ አልተመታበትም። ከእርሱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ ግን ገና የኢትዮጵያን መሬት ሳይለቅ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተቸብችቧል። የሁለቱ ዕጣ ለምን እንዲህ ተለያየ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። ለንደን፣ ፓሪስና ኒው ዮርክ ያሉ አጫራቾች በየወሩ የሚያወጧቸውን ካታሎጎች የሚያገላብጥ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም።

በእነዚያ ካታሎጎች ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል። አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና «የቄስ ዮሐንስን ግዛት» የሚያሳየው ካርታ ቀለሙ ደምቆ፣ በመስታወት ተለብጦ ይሸጣል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እየጠየቀ የጻፈው፣ በ1681 እ.ኤ.አ. በላቲን የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ይቀርባል። የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ አምስቱም ጥራዝ ተሟልቶ ሲገኝ ተጫራቹ ይበዛል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፉ ፖስተሮችና ፖስት ካርዶች፣ ወታደሮች በየመንገዱ ያነሷቸው ፎቶግራፎች የተለጠፉባቸው አልበሞች፣ ከየቤተ ክርስቲያኑ የወጡ የብራና መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ከድጉሳቸው ተቆርጠው ቅጠል በቅጠል የተበተኑ የብራና ገጾች እዚያው ይደረደራሉ።

በዚህ ገበያ ውስጥ የካፋ ድርሻ ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን እንደዚያ አይደለም።

ካፋ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቡና ይሮጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ጫካ የቡና መገኛ ተብሎ ይከበራል፤ ቡናው ዛሬም በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ተካይ ይበቅላል። የካፋ ደንና አካባቢው ከ7 መቶ ሺህ ሔክታር በላይ በሚሸፍን ይዞታ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቦንጋ ላይም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። ለአካባቢው ሰው «ጨረታ» የሚለው ቃል የሚያስታውሰውም ይህንኑ ምርት ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአገሪቱ ቡና አዲስ አበባና ድሬዳዋ እየተወሰደ በጨረታ ይሸጥ ነበርና።

የዚህን ምድር ታሪክ የያዘው ወረቀትም በዓለም ገበያ እንደሚጫረት ግን እምብዛም አይነገርም።

የካፋ መንግሥት ታሪኩን በጽሑፍ አልተወም። ጎንደር ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራት፤ ሸዋም እንዲሁ። የካፋ ታሪክ ግን በጎሳ ሽማግሌዎች ቃል፣ በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት፣ በመቃብር ቦታዎችና አገሩን ከጠላት ይከላከሉ በነበሩ ጥልቅ ቦዮች ላይ የተጻፈ ነበር። ንጉሡ «ታቶ» ይባሉ ነበር፤ ዙሪያቸውን ሚክሬቾ የተሰኙ ሰባት አማካሪዎች ነበሩ፤ ያለ እነርሱ ምክር ትልቅ ጉዳይ አይወሰንም ነበር። መንግሥቱ ሲፈርስ ያንን ሥርዓት በቃሉ የሚያውቀው ትውልድ ግማሹ በጦርነቱ አለቀ፤ ግማሹ ተበተነ። ስለዚህ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊ ከአገሬው ሽማግሌ ቃል ቀጥሎ የሚጠይቀው ከውጭ መጥተው ያዩትን ወይም የሰሙትን የጻፉ፣ የሣሉና ፎቶ ያነሡ ሰዎችን ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ ዛሬ ብርቅ መጽሐፍ፣ ብርቅ ካርታ፣ ብርቅ ፎቶግራፍ ተብሎ ይጫረታል።

ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ የብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ካፋን በዓይኑ አላየም፤ በ1790 እ.ኤ.አ. በኤድንበርግ ባሳተመው ሥራው የጻፈው በሰሜን ሆኖ የሰማውን ነው። ሆኖም ቡና በካፋ ማንም ሳይተክለው በዱር እንደሚበቅል መዝግቧል። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ኦሮሞዎች የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር ለውሰው፣ አድቦልቡለው ለስንቅ እንደሚይዙም ጽፏል። ከዚያ በፊት ስለ ቡና የጻፉ አውሮፓውያን ዓይናቸው የመንና ቱርክ ላይ ነበር። ቡና በፍየሎች ተገኘ የሚለውን ተረት በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው ፋውስቶ ናይሮኒም፣ በዚያው ዘመን ስለ ቡና፣ ሻይና ቸኮሌት የጻፈው ፈረንሳዊው ዱፉርም የካፋን ደን አልረገጡም። ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ተክሉን «አረቢካ» ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው። የናይሮኒና የዱፉር መጻሕፍት በጨረታ ሲቀርቡ ሰብሳቢው የሚከፍለው የቡናን የመጀመሪያ ታሪክ ሊገዛ ብሎ ነው፤ የማንኪራ ጫካ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ገና አልገባም።

ካፋን በዓይን አይቶ መጻፍ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንቷን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. ቦንጋ ደረሰ። የሄደው የሠርግ አጃቢ ሆኖ ነው፤ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ቦጊቦ የካፋ ልዕልት ሊያገቡ ሙሽራዋን የሚያመጡ ሰዎች ልከው ስለነበር ፈረንሳዊው ከእነርሱ ጋር ተጓዘ። ዳባዲ ኋላ የኢትዮጵያን ተራሮችና ወንዞች በልኬት ያስቀመጠ ትልቅ ሥራ አሳተመ፤ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ከእርሱ ቀጥሎ ካፑቺኑ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ካፋ ገብተው ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ቆዩ፤ በመጨረሻ ተባረሩ። ማሳያ በኢትዮጵያ ያሳለፉትን 35 ዓመት የተረኩበት መጽሐፍ 12 ጥራዝ ነው። ሁሉም ጥራዞች ተሟልተው ሲገኙ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

የካፋን ስም በርእሱ የያዘ መጽሐፍ ያሳተመው ደግሞ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቼኪ ነው። «ከዘይላ እስከ ካፋ ድንበር» የተሰኘው ባለሦስት ጥራዝ ሥራው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ታተመ። ቼኪና ጓደኛው ጆቫኒ ኪያሪኒ በካፋ ጎረቤት በጌራ ታስረው ነበር፤ ኪያሪኒ በ1879 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። መጽሐፉ ካርታና የዕቃ ሥዕል የሞላበት ስለሆነ ለጨረታ ሲወጣ ካርታዎቹ ተሟልተው መኖራቸው ይጣራል፤ አንድ ካርታ ከጎደለ ዋጋው ይወርዳል።

በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ የጦር አለቃ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በካፋ ላይ ዘመተ። የጅማው አባ ጅፋርና ደጃዝማች ተሰማ ናደውም ተባባሪ ነበሩ። ጦርነቱ ወራት ፈጀ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረኩ። ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ወደ ወንዙ እንደወረወሩና ከእርሳቸው በኋላ የካፋ ንጉሥ እንደማይኖር እንደተናገሩ በካፋ ይተረካል። ሞት እስኪለያቸው ድረስ ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

የካፋ ሰው ዘውዱ በአገር እስካለ ድረስ መንግሥቱም አለ ብሎ ያምን እንደነበር ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ ዘውዱን ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ኢልግም ወደ ዙሪክ ወሰደው። የራስ ቁር መልክ ያለው፣ በግንባሩ ባለሦስት ጫፍ ጌጥ ያለበት፣ የሰጎን ላባ የተሰካበት ዘውድ ነው። ተመራማሪዎች ጽፈውበታል፤ ሥዕሉ ታትሟል፤ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ዘውዱ ተመለሰላቸው።

ከዘመቻው ጥቂት ወራት በኋላ በካፋ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነበር። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲወርድ በየመንገዱ ያየውን የተቃጠለ ቤትና በሣር ውስጥ የቀረ የሰው አፅም ሳይሸፍን ጻፈው። መጽሐፉ በ1900 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ታተመ። ለሩሲያ ሰብሳቢዎች የቡላቶቪች መጽሐፍ የአንድ ደፋር መኮንን የጉዞ ትዝታ ነው። ለካፋ ልጅ ግን የአያት ቅድመ አያቱን ዕልቂት በዓይኑ ያየ ሰው የሰጠው ምስክርነት ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ገጽ፣ እንደሚያነሣው እጅ ዋጋው ይለያያል።

ካፋን እድሜውን ሙሉ ያሰበ ሰው ደግሞ ቪየና ውስጥ ነበር። ፍሪድሪክ ዩልየስ ቢበር በ1873 እ.ኤ.አ. ከድሃ ቤት ተወለደ፤ ጫማ መስፋት ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በራሱ ጥረት ካፋን ለማየት ተነሣ። በ1904፣ በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጣ። በ1905 እ.ኤ.አ. ሉድቪግ ፎን ሄነል የመራው የኦስትሪያ ሃንጋሪ ልዑክ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል ቢበር አብሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ካፋ ገባ። መንግሥቱ ከወደቀ ገና ስምንት ዓመቱ ነበርና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ቢበር ያነጋገራቸው ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ምግብና ስለ ዕደ ጥበብ ነው። ዕቃ ሰበሰበ፤ ፎቶ አነሣ፤ ቋንቋውን መዘገበ።

ሥራው «ካፋ» በሚል ርእስ በሁለት ጥራዝ ወጣ፤ የመጀመሪያው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 እ.ኤ.አ.። ኦስትሪያ በጦርነት ተሸንፋ፣ ገንዘቧ ዋጋ አጥቶ ሕዝቧ በተራበበት ዘመን የወጣ መጽሐፍ ነው። ቢበር ሁለተኛው ጥራዝ በታተመ በዓመቱ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከካፋ ያመጣው ዕቃ ዛሬ ቬልትሙዚየም በሚባለው የቪየና ሙዚየም ይገኛል፤ ልጁ ኦቶ ቢበርም በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ካፋ መጽሐፍ አሳትሟል። የቢበርን ሁለት ጥራዞች ሳይጠቅስ ስለ ካፋ መንግሥት በቁም ነገር የጻፈ ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ኋላ የመጡት ኤይከ ሀበርላንድና ቬርነር ላንገ ተመርኩዘውበታል። በጀርመንኛ የተጻፈ፣ በጥቂት ቅጂ የቀረ ስለሆነ ግን መጽሐፉን በእጃቸው የያዙት ከካፋ ልጆች ይልቅ ሰብሳቢዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሐራጁ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቅርስ ከሐራጅ ጋር የተዋወቀው በደም ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። በሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፤ ቤተ መንግሥቱና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተበረበሩ። ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ሐራጅ ተደረገ። ዕቃው መሬት ላይ ተዘረጋ፤ መኮንኖች ዙሪያውን ቆመው ተጫረቱ። ዋነኛው ገዢ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ የጥንት ዕቃ ዐዋቂ ስለሆነ ከማንም የተሻለ ገንዘብ ይዞ ነበር። በጋዜጠኝነት የነበረው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ከሽያጩ 5 ሺህ ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ፤ ለእያንዳንዱ ተራ ወታደር የደረሰው አራት ጠገራ ብር ገደማ ነው።

አራት ብር። በዚያ ሒሳብ ነው 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን የሄዱት። ሆልምስ ከሐራጁ ውጭ ከአንድ ወታደር እጅ የጳጳሱን የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ በአራት ፓውንድ ገዝቷል፤ ሁለቱም ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው።

ሆልምስ ለሙዚየሙ ያላስረከበው ዕቃም ነበር። ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ነገሥታቱ በዘመቻ ጊዜ የሚያስከትሉት፣ ሹማምንቱ የሚምሉበት ቅዱስ ሥዕል ነው። ሆልምስ ከንጉሡ ራስጌ ወስዶ ለራሱ አስቀረው፤ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳያውቅ በቤቱ ኖረ። ፎቶግራፉ በእንግሊዝ የሥነ ጥበብ መጽሔት የወጣው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ድርጅት ተጫርቶ ተሸጠ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. እዚያው ለሁለተኛ ጊዜ ተጫርቶ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ገዛው። ዛሬም በፖርቱጋል በግል እጅ ነው። ሁለት ጊዜ መዶሻ የተመታበት ዕቃ፣ ሁለቱንም ጊዜ የኢትዮጵያ ድምፅ ሳይሰማ፣ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

የዙሪኩ ዘውድ ዕጣ ከዚህ የተለየበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ዘውዱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ የት እንደተቀመጠ ተጽፎ ነበር። ኩርዓተ ርእሱ ግን በአንድ ሰው ዝምታ ውስጥ ጠፋ፤ ዝምታው ሲሰበርም በሕግ ባለቤቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሐራጅ የሚወደው እንዲህ ያለውን ዕቃ ነው። ሻጩ ከአያቱ ወረስኩት ይላል፤ ገዢው በቅን ልቦና ገዛሁ ይላል፤ በመካከል የሚጠይቅ ከሌለ ነገሩ አለቀ።

በቅርብ ዓመታት ግን የሚጠይቅ ተገኝቷል።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ ዶርሴት፣ ብሪድፖርት ከተማ፣ ከመቅደላ የወጡ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ በካታሎግ ወጡ። የካታሎጉ ገለጻ ራሱ መቅደላን ይጠቅስ ነበር። ለንደን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጨረታው እንዲቆም ጠየቀ፤ ዕቃዎቹም ከሽያጩ ወጡ። በኋላ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቶ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለኢትዮጵያ አስረከበ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኒውካስል ውስጥ አንድ ጋሻ ለሐራጅ ተዘጋጀ። በላዩ ላይ መቅደላ የሚል ስምና አምባው የወደቀበት ቀን ተቀርጾበታል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጋሻው እንዲመለስ ጠየቀ፤ ሽያጩ ተሰረዘ። የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ትረስት ጋሻውን ከያዘው በኋላ በአሜሪካ ቶሌዶ ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ጋሻውን ያስመለሰው በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የዘረፈው ወታደር ለኩራቱ ያስቀረጸው ስምና ቀን ከ150 ዓመት በኋላ ለባለቤቱ ምስክር ሆነ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የደብረ ሊባኖስ መጽሐፍ ታሪክ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ካገኛቸው የብራና መጻሕፍት አንዱን በ2016 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ መልሷል። መጽሐፉ የደብረ ሊባኖስ መሆኑ የታወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለነበር ነው። ያንን ሥራ የሠራው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በየገዳሙና በየደብሩ እየዞረ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከእነርሱ ብዙዎቹን ካታሎግ አድርገዋል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ አንድ ቀን መጽሐፉ ከገዳሙ ይወጣል ብለው አላሰቡ ይሆናል። ሥራቸው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

ካፋ ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የካፋ ጉዳይ ግን ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው በጉልበት ወይም በተንኮል የወጣ ዕቃ ነው፤ ይህ የሚጠየቀው በሕግና በመንግሥት በኩል ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ዓለም አቀፉ የ1970 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ለመቅደላና ለካፋ ዘመን ዝርፊያ በፍርድ ቤት አያገለግልም። ብሪድፖርትና ኒውካስል ላይ የሠራው የሕግ አንቀጽ ሳይሆን የማስረጃና የይፋ ጥያቄ ኃይል ነው።

ሁለተኛው በሕጋዊ መንገድ ታትሞ በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ነው፦ የማሳያ 12 ጥራዝ፣ የቼኪ ካርታዎች፣ የቡላቶቪች ትረካ፣ የቢበር ሁለት ጥራዞች፣ ማክስ ግሩል በ1929 እ.ኤ.አ. በርሊን ያሳተመው የካፋ የጉዞ መጽሐፍ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው በአንድ የካፋ ገበያ ቀን ያነሣው ፎቶግራፍ። ይህን ማንም መልስ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ግን መግዛት ይቻላል፤ ቅጂ ማግኘት ይቻላል፤ ማስተርጎም ይቻላል። የብራና መጽሐፍ ለጨረታ ሲወጣ የሚያይ ዓይን ዛሬ አለ። የድሮ ፎቶግራፍ ግን ከሌላ ሃምሳ ፎቶ ጋር በአንድ ሳጥን ተደርጎ በርካሽ ይሸጣል፤ ካታሎጉም «አቢሲኒያ፣ የገበያ ሥዕል» ብሎ ያልፋል። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የቆመበት ደጃፍ የቦንጋ ይሁን የሌላ ቦታ መለየት የሚችለው የካፋ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ካታሎጉን አያየውም።

የጨረታውን አሠራር ማወቅ ከዚህ ይጀምራል። አጫራች ድርጅቶች ካታሎጋቸውን ከሽያጩ በፊት ያወጣሉ፤ ዛሬ አብዛኛው በኢንተርኔት በነፃ ይታያል፤ ዕቃውን በስልክ መጠየቅ፣ ተጨማሪ ፎቶ ማስላክ ይቻላል። ገዢው ከመዶሻው ዋጋ በላይ ለድርጅቱ ኮሚሽን ይጨምራል፤ ስለዚህ በበጀት የሚገዛ ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ይህን ማስላት አለበት። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረው አጭር ገለጻ ከሁሉ በላይ መነበብ አለበት፤ አጠያያቂ ነገር ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ተሽጦ ያለፈውም ቢሆን ካታሎጉ ስለሚቀር ፎቶውንና ገለጻውን ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የደብረ ሊባኖሱ ማይክሮፊልም የሠራውን ሥራ አንድ ቀን ይሠራል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ከመፈለግ በፊት ዝርዝር ያስፈልጋል። የካፋ ተወላጁ በቀለ ወልደማርያም ስለ ካፋ ሕዝቦችና መንግሥታት በአማርኛ የጻፉት ታሪክ የአገሬውን ትረካና የውጭውን መጽሐፍ አገናኝቶ መጻፍ እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በቪየና ሙዚየም ያለው የቢበር ስብስብ፣ በዙሪክ ያለው የኢልግ ፎቶግራፍ፣ በፓሪስ ያለው የዳባዲ ማስታወሻ፣ በግል እጅ እየተገላበጠ በጨረታ የሚታየው መጽሐፍና ካርታ ምን ምን እንደሆነ በአንድ መዝገብ ማስፈር ነው። መዝገቡ በቦንጋ ቢቀመጥ፣ የቡና ሙዚየሙም ለእነዚህ ሥራዎች አንድ ክፍል ቢለይ፣ የመጀመሪያው ግዢ የቢበር ሁለት ጥራዞች ቢሆኑ፣ ሁለተኛው ሥራም ከቪየና በዲጂታል የሚገኙትን ፎቶግራፎች ለዴቻ፣ ለጊምቦና ለጨና ሽማግሌዎች ማሳየት ቢሆን፣ መግለጫ የሌለው የቢበር ፎቶ ሁሉ መግለጫ ያገኛል። እነዚያ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ ፎቶዎቹ ግን መደርደሪያቸው ሙቀቱ የተመጠነ ነውና ይጠብቃሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።